መናገሻ ሱባ ደን፦ ከአዲስ አበባ ደርሶ መልስ የእግር ጉዞና የዱር እንስሳት ምልከታ መመሪያ

ከአዲስ አበባ ወደ መናገሻ ሱባ የሚሄደው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ይደርሳል፣ እየተጫወተ ወደ ወጨጫ ተራራ ጫፍ ይወጣል፣ ፎቶ ተነስቶ ይወርዳል፤ ከዚያም «እንስሳ የሚባል አላየንም» ይላል። እንስሳቱ ግን አሉ። ጉሬዛው ከሰውዬው ራስ በላይ ዛፍ ላይ ነበር፣ ድኩላው ድምፁን ሰምቶ ቁጥቋጦ ውስጥ ገብቷል። የተራራ መውጣትና የእንስሳት ምልከታ የሚፈልጉት አካሄድ፣ ሰዓትና የቡድን ብዛት የተለያየ ስለሆነ፣ በአንድ ቀን ሁለቱንም ለማድረግ የሚሞክር ሰው ሁለቱንም በግማሽ ይዞ ይመለሳል። ይህ መመሪያ በመጀመሪያ ደረጃ ለምልከታ ቀን የተጻፈ ነው፤ ጫፍ ለመውጣት ለሚፈልግ ደግሞ ራሱን የቻለ ክፍል አለው።

ደኑ ከከተማው በስተ ምዕራብ፣ በጠፋው የወጨጫ እሳተ ገሞራ ተዳፋት ላይ ይገኛል። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን በሰሜን ሸዋ ካለው የወፍ ዋሻ ደን የጽድ ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገራል። ዛሬ የሚያስተዳድረው የኦሮሚያ ደንና ዱር እንስሳት ድርጅት ነው። ነባሩን የተፈጥሮ ደን ኋላ ከተተከለው ባሕር ዛፍና ሌላ ተክል መለየት አስፈላጊ ነው፤ እንስሳ የምትፈልጉት ጽድ፣ ዝግባ፣ ወይራና ጥቁር እንጨት ተደባልቀው በበቀሉበት ነው። ባሕር ዛፍ ሥር ቅጠልም ፍሬም ስለሚያንስ አብዛኛው እንስሳ አልፎት ይሄዳል እንጂ አይውልበትም።

ወቅትና ሰዓት

ምርጡ ጊዜ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር መጨረሻ ነው። መንገዱ ይደርቃል፣ ሰማዩ ይጠራል፣ ከክረምቱ የተረፈው ልምላሜ ገና አለ። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ውርጭ አለ፤ ይህ ለእናንተ ቢከብድም ለምልከታ ይጠቅማል፤ ምክንያቱን ስለ ጉሬዛ ስንጽፍ እንመለስበታለን። የካቲትና መጋቢት የደረቁ ናቸው፣ ሣሩ ለእሳት የተጋለጠ ነው። በበልግ ዝናቡ ከሰዓት በኋላ በድንገት ይመጣል። ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም አጋማሽ ባትሄዱ ይሻላል፤ ጭቃው መኪና ይይዛል፣ ተዳፋቱ ያንሸራትታል፣ ጭጋጉም አሥር ሜትር እንኳ አያሳይም።

ሰዓቱ ከወቅቱ ይበልጣል። ፀሐይ ስትወጣ፣ ማለትም ከ12፡15 እስከ 12፡40 ባለው ጊዜ፣ በእግራችሁ ጫካ ውስጥ መሆን አለባችሁ። ለዚህም በሰበታ በኩል የምትሄዱ ከሆነ አየር ጤናን ቢበዛ ከሌሊቱ 10፡30 ላይ ማለፍ ይኖርባችኋል። ከ12 ሰዓት በኋላ በአየር ጤናና በሰበታ መካከል የጭነት መኪናው ብዛት ጠዋቱን ይበላዋል። እንስሳቱ ከንጋት እስከ ሦስት ሰዓት ተኩል ይንቀሳቀሳሉ፣ እኩለ ቀን ላይ ያርፋሉ፣ ከአሥር ሰዓት በኋላ እንደገና ይወጣሉ። ሌሊት መንዳት የማትፈልጉ ከሆነ ሁለተኛውን ምርጫ ውሰዱ፤ ቀትር ላይ ደርሳችሁ ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ተመልከቱና ሳይመሽ ውጡ።

ከመነሳታችሁ በፊት

ቀኑ ከመድረሱ ሁለትና ሦስት ቀን ቀደም ብላችሁ ሦስት ነገር አረጋግጡ።

አንደኛ፣ የመንገዱ ሰላም። የምትጠይቁት አካባቢውን የሚያውቅ ሰው መሆን አለበት፤ የደኑን ጽሕፈት ቤት፣ ሰበታ ወይም ሆለታ የሚመላለስ ሹፌርን ጠይቁ። ከወር በፊት የሄደ ጓደኛ የነገራችሁ መረጃ አርጅቷል። መልሱ የሚያወላውል ከሆነ ጉዞውን ለሌላ ሳምንት አስተላልፉት።

ሁለተኛ፣ ፈቃድ። በማለዳ ለመግባትና ድንኳን ተክሎ ለማደር ቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል፤ ሌሊት ደርሶ ጥበቃ መቀስቀስ ያስቆጣል፣ ሊያስመልስም ይችላል።

ሦስተኛ፣ መንገድ። ሁለት መግቢያ አለ። አንደኛው በጅማ መንገድ ሰበታ ደርሶ ወደ ሱባ የሚታጠፈው ነው። ሁለተኛው በአምቦ መንገድ በመናገሻ ከተማ በኩል አልፎ ወደ ግራ የሚገባው ነው። ሁለቱም መጨረሻቸው ኮረኮንች ነው። በበጋ ሆዱ ከፍ ያለ መኪና ሁሉ ይሄዳል፤ ዝናብ ከዘነበ በኋላ ግን ባለ አራት ጎማ ኃይል መኪና ከሌላችሁ አትሞክሩት። ጎማ መቀየሪያው ሙሉ መሆኑን፣ ትርፍ ጎማውም ነፋስ እንዳለው ቤት ሆናችሁ እዩ። ነዳጅ ከተማ ሙሉ፤ ኮረኮንቹ ላይ ማደያ የለም። ለመግቢያ፣ ለአስጎብኚና ለመኪና ጥበቃ ዝርዝር ብር ያዙ፤ ኔትወርኩ ሲጠፋ ቴሌብር አይሠራም።

ቡድናችሁ ለምልከታ ከአራት ሰው አይብለጥ። ስድስት ሰው ዝም ብሎ አይሄድም፤ አንዱ ሲያቆም ሌላው ያወራል። ብዙ ከሆናችሁ ሁለት ቦታ ተከፍላችሁ ግማሽ ሰዓት ተራርቃችሁ ግቡ።

የሚያዝ ዕቃ

ለአንድ ሰው ለግማሽ ቀን 2 ሊትር ውሃ፣ ለጫፍ ጉዞ 3 ሊትር። ከጅረት አትጠጡ፤ ከላይ ከብት ይጠጣበታል። ከተገደዳችሁ አፍሉት፤ በዚህ ከፍታ ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ ከፈላ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይቆይ። ወይም ውሃ አጋር የተባለውን የውሃ ማከሚያ በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ ጨምራችሁ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ።

ምግብ ቀላል ይሁን። 200 ግራም ያህል ቆሎ፣ ዳቦ፣ ሁለት ሙዝ፣ አራት የሾርባ ማንኪያ በሶ በትንሽ ጨው። በሶውን እዚያው ግማሽ ሊትር ጠርሙስ ውስጥ መበጥበጥ ነው፤ ቅዝቃዜ ሲመታ ከቆሎ ይልቅ ቶሎ ኃይል ይሰጣል። ምግብ የሚያዝበት ከረጢት የማይንኮሻኮሽ ጨርቅ ይሁን። የፌስታል ድምፅ ጫካ ውስጥ ሩቅ ይሰማል፤ ዝንጀሮም ድምፁን ከምግብ ጋር ያያይዘዋል።

ልብስ ደርባችሁ ልበሱ፤ ስስ፣ ሹራብ፣ ከላይ ነፋስና ዝናብ የሚከለክል ጃኬት። ቀለሙ ቡናማ፣ አረንጓዴ ወይም ግራጫ ቢሆን ይመረጣል፤ ነጭ ጋቢና ነጭ ቲሸርት እንስሳውን ከሩቅ ያነቁታል። ሱሪው ረጅም ይሁን፤ ሳማና ቀጋ አለ። ጫማው የተለመደ፣ ሶሉ ጥርስ ያለው ይሁን። ሽቶ አትቀቡ፤ ሽታውን እንስሳው ከእናንተ በፊት ያገኘዋል፣ በአካባቢው ቀፎ ስላለም ንብ ይስባል።

ባይኖኩላር ለመግዛት የምታስቡ ከሆነ 8 በ42 የሚባለውን ውሰዱ። 8 የሚያጎላበት ልክ ነው፣ 42 የፊተኛው መስታወት ስፋት በሚሊሜትር። 10 የሚያጎላው ደን ውስጥ የእጅን መንቀጥቀጥ አብሮ ያጎላል፣ የሚያሳየውም ቦታ ይጠባል፤ ወፏ ትበራለች እናንተ ገና ቅርንጫፉን ትፈልጋላችሁ። ጫካ ከመግባታችሁ በፊት ለዓይናችሁ አስተካክሉት። ቀኝ መስታወቱን በእጅ ሸፍኑ፣ በግራ ዓይን አንድ የዛፍ ቅርፊት እዩና የመሐሉን መዘውር እስኪጠራ አዙሩ። ከዚያ ግራውን ሸፍኑ፣ የመሐሉን ሳትነኩ በቀኝ ዓይን በኩል ያለውን ቀለበት ብቻ አዙራችሁ ያንኑ ቅርፊት አጥሩ። ሁለት ደቂቃ ይፈጃል፤ ይህን ያላደረገ ሰው ቀኑን ሙሉ ራሱን ያመዋል። ሲጠቀሙበትም ዓይንን ከእንስሳው ሳያነሱ መስታወቱን ወደ ዓይን ማምጣት ነው እንጂ፣ መስታወቱን አድርጎ እንስሳውን መፈለግ አያዋጣም።

ስልካችሁ ላይ ያለ ኔትወርክ የሚሠራ ካርታ አውርዱ፣ መነሻችሁ ላይ ምልክት አድርጉ፣ የሄዳችሁበትን መስመር ይቅዳ። ሸለቆ ውስጥ ኔትወርክ ይጠፋል፤ ስልኩ ሲፈልገው ባትሪ ይጨርሳል፣ ስለዚህ የበረራ ሁነታ ላይ አድርጉት። ጂፒኤሱ በዚያም ሁነታ ይሠራል።

መግቢያው ላይ

አስጎብኚ ውሰዱ። የምትከፍሉት መንገድ ለማሳየት ብቻ አይደለም፤ በዚያ ሳምንት ጉሬዛው የትኛው ዝግባ ላይ እንደሚያድር፣ ድኩላው የትኛው ገላጣ ቦታ እንደሚወጣ የሚያውቀው እሱ ነው። ነገር ግን የምትፈልጉትን በግልጽ ንገሩት፦ «ጫፍ መድረስ አንፈልግም፤ ቀስ ብለን እንስሳ ማየት ነው የምንፈልገው።» ካልነገራችሁት እንደ ሌላው ጎብኚ በፍጥነት ወደ ላይ ይወስዳችኋል። የአካባቢው ሰው ቋንቋ ኦሮምኛ ነው፤ «አከም ቡልተን» ብሎ ማለዳ ሰላም ማለት፣ ትልቅ ሰው ሲሆን ወንዱን «ኦቦ»፣ ሴቷን «አዴ» ብሎ መጥራት፣ «ገለቶማ» ብሎ ማመስገን ብዙ በር ይከፍታል። እንጨት የተሸከሙ ሴቶችን ሳይፈቅዱ ፎቶ አታንሱ። የእረኛ ውሻ ከመጣ አትሩጡ፤ ቁሙና ባለቤቱን ጥሩ።

የመጀመሪያው ሁለት ሰዓት

የምልከታ አካሄድ በሰዓት አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሃያ እርምጃ ሂዱ፣ ቁሙ፣ አንድ ደቂቃ ሙሉ ስሙ፣ ከዚያ እዩ። መስማቱ ይቀድማል፤ ጥቅጥቅ ባለ ደን ውስጥ ዓይን ሠላሳ ሜትር ሲደርስ ጆሮ ብዙ መቶ ሜትር ይደርሳል። ነፋሱ ከፊታችሁ እንዲመጣ አቅጣጫ ምረጡ፤ ጥቂት ደቃቅ አፈር ወደ ላይ በትናችሁ ወዴት እንደሚሄድ እዩ። ስታወሩ በሹክሹክታ ሳይሆን በዝቅተኛ ድምፅ አውሩ፤ ሹክሹክታ የሚያወጣው «ስ» እና «ሽ» ጎልቶ ይሰማል። በጣት መጠቆምም ድንገተኛ እንቅስቃሴ ነው፤ ፊት ለፊታችሁን እንደ ሰዓት መልክ 12 ቁጥር ቆጥራችሁ «ሁለት ሰዓት አቅጣጫ፣ ከደረቀው ጽድ በስተ ግራ» እያላችሁ ተነጋገሩ።

ጅረት አጠገብ ወይም የደን ጠርዝ ሲገጥማችሁ ለሃያ ደቂቃ ተቀመጡ። መጀመሪያ ስትደርሱ ሁሉም ዝም ይላል። አሥር ደቂቃ ገደማ ሲሞላ ወፎቹ ይመለሳሉ፤ ወፎቹ ሲረጋጉ ሌላውም ይረጋጋል። ብዙ ሰው ስምንተኛው ደቂቃ ላይ ተነስቶ ይሄዳል፣ ያመለጠውንም አያውቅም።

ምን፣ የት፣ እንዴት

ጉሬዛ። ለማየት ቀላሉና ሰውን የሚያስደስተው እሱ ነው። ንጋት ላይ ወንዱ ከጉሮሮው እንደሚንከባለል ያለ ጥልቅ ድምፅ ያሰማል፤ አንዱ መንጋ ሲጀምር ሌላው ይመልሳል። የድምፁን አቅጣጫ ያዙ። ከቀዝቃዛ ሌሊት በኋላ መንጋው የዛፉ ጫፍ ላይ ወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል፤ የታኅሣሥ ውርጭ የሚጠቅመው ለዚህ ነው፤ ምሥራቅ የሚያዩትን ረጃጅም ዛፎች ጫፍ አንድ በአንድ ፈትሹ። ነጩ ረጅም ጭራ ከቅጠሉ መሐል ቀጥ ብሎ ወደ ታች ሲንጠለጠል መጀመሪያ የሚታየው እሱ ነው። ጉሬዛ በዋናነት ቅጠል ይበላል፤ ቅጠል ቀስ ብሎ ስለሚፈጭ ቀኑን ሲያርፍ ይውላል፣ የሚዞርበትም ክልል ጠባብ ነው። ስለዚህ ዛሬ ያገኛችሁትን መንጋ በሚቀጥለው ሳምንትም እዚያው አካባቢ ታገኙታላችሁ። መንጋው ውስጥ ሙሉ ነጭ ግልገል ካያችሁ ገና የተወለደ ነው፤ ጥቁሩ በጥቂት ወራት ውስጥ ይመጣል። ከዛፉ ሥር አትቁሙ፤ ሃያ ሜትር ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ። ከሥሩ ስትቆሙ እንስሳው ይደነግጣል፣ ለእናንተም ሆዱ ብቻ ነው የሚታየው።

የምኒልክ ድኩላ። የደጋው ድኩላ ነው፤ ወንዱ ወደ ጥቁር የሚጠጋ ጠቆር ያለ፣ ጠምዛዛ ቀንድ ያለው፣ ሴቷ ቀላ ያለችና ቀንድ የሌላት ናት። ከንጋት በፊትና ሲመሽ ደኑና ሣሩ በሚገናኙበት ይወጣል። ሲያያችሁ ወዲያው አይሮጥም፤ ቀጥ ብሎ ይቆማል። እናንተም ከቆማችሁና ፊት ለፊት ትክ ብላችሁ ካላያችሁት ብዙ ጊዜ ወደ መብላቱ ይመለሳል። እንደ ውሻ ያለ አጭር ጩኸት ከሰማችሁ አይቷችኋል፣ ለሌሎቹም እየነገረ ነው፤ ያን ቦታ ትታችሁ ሌላ ፈልጉ። ሚዳቋ በመጠን ከድኩላው በጣም ታንሳለች፣ አንገቷን ዝቅ አድርጋ ቁጥቋጦ ውስጥ ትሾልካለች።

ጦጣና ዝንጀሮ። ምግብ አታሳዩ፣ አትስጡም። አንዴ ዳቦ የለመደ ዝንጀሮ ቦርሳ ይቀማል፤ ሰው የነከሰ ዝንጀሮ መጨረሻው መገደል ነው። ከቀረባችሁ ጥርሳችሁን አታሳዩ፣ ወደ ኋላ ቀስ በሉ።

ነብር፣ ጅብና አነር በደኑ አሉ፤ በቀን የሚታዩት ግን አልፎ አልፎ ነው። የሚታየው ዱካቸው ነው። ርጥብ አፈር ላይ አራት ጣት ያለው ክብ ዱካ ጥፍሩ ካልታየ የድመት ወገን ነው፤ ሲራመድ ጥፍሩን ይሰበስባል። ጥፍሩ ከታየ ጅብ ወይም ውሻ ነው። የጅብ ዓይነ ምድር ሲደርቅ ነጭ የሚሆነው አጥንት ስለሚበላ ነው። ነብር ከገጠማችሁ አትሩጡ፣ ፊታችሁን ሳታዞሩ ወደ ኋላ እየተራመዳችሁ ራቁ። የከርከሮ ቆፈራ ያለበት ሣር ላይም ግልገል ካላት እናት ራቁ።

ወፎች። ከጽዱና ከዝግባው ላይኛው ቅርንጫፍ ላይ የሚሮጥ፣ ጉንጩ ነጭ፣ አረንጓዴ ትልቅ ወፍ ሲበር ክንፉ ደማቅ ቀይ ሆኖ ይገለጣል፤ ሰው ሲያየው በመደነቅ ይጮኻል፣ ተጠንቀቁ። ጭንቅላቱ ቢጫ የሆነው አረንጓዴ በቀቀን በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ ነው፤ ማለዳ ጥንድ ጥንድ ሆኖ እየጮኸ ከዛፉ በላይ ያልፋል። ግንደ ቆርቁር ደረቅ ግንድ ላይ ይገኛል፤ ቱክ ቱክ ሲል ስሙና ከሥሩ ወደ ላይ ፈልጉት። ወፍ ለመጥራት የተቀዳ ድምፅ ከስልክ አታጫውቱ፤ ወንዱ ተቀናቃኝ የመጣ መስሎት መመገቡን ትቶ ክልሉን ለመከላከል ይደክማል።

ለጫፍ የሚወጡ

ከጽሕፈት ቤቱ አካባቢ እስከ ወጨጫ ጫፍ፣ ወደ 3,385 ሜትር፣ ከፍታው የሚጨምረው 900 ሜትር ገደማ ነው። መካከለኛ አቅም ያለው ቡድን በሰዓት 300 ሜትር ያህል ይወጣል፤ ሦስት ሰዓት ለመውጣት፣ ሁለት ሰዓት ለመውረድ፣ አንድ ሰዓት ለዕረፍት ያዙ። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ተነሱ። መመለሻ ሰዓት አስቀድማችሁ ወስኑ፤ ቀኑ 6 ሰዓት ሲሆን የትም ሁኑ ትመለሳላችሁ። ይህ ውሳኔ ድካም ሳይመጣ በፊት መወሰን አለበት፤ ጫፉ በዓይን ሲታይ ማንም መመለስ አይፈልግም።

በመንገዱ ላይ ደኑ ሲቀያየር ታያላችሁ። ከጽዱና ከወይራው በላይ ኮሶ ይመጣል፤ ቀላ ያለ የተንጠለጠለ አበባው የሴቷ ዛፍ ነው። ከዚያ አመራሮ፣ ከዚያ አስታ፣ ወደ ጫፉ ጅብራ። አስታ ላይ ስትደርሱ ጥላው ያልቃልና ባርኔጣ አድርጉ፤ ቅዝቃዜው የፀሐዩን ቃጠሎ ይደብቃል። ጥርት ባለ ቀን አዲስ አበባና እንጦጦ በአንድ በኩል፣ ዝቋላ በሌላ በኩል ይታያሉ።

ከአሜሪካ፣ ከአውሮፓ ወይም ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ለዕረፍት የመጡ ዘመዶች ካሉ በደረሱ ማግሥት አትውሰዷቸው። ሦስት አራት ቀን አዲስ አበባ ይቆዩ፤ ከዝቅተኛ ቦታ ለመጣ ሰው አዲስ አበባ ራሷ ከፍታ ናት። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ የጀመረው ሰው አይገፋ፤ 300 ሜትር መውረድ ከማንኛውም ክኒን ይበልጣል።

የሚበላሸው ነገርና መፍትሔው

ነጎድጓድ ከሰማችሁ ከጫፉና ከገላጣው ወዲያው ውረዱ፤ ብቻውን ከቆመ ረጅም ዛፍ ሥር አትጠለሉ። የረጠበ ሹራብ በነፋስ ላይ ሰውን በግማሽ ሰዓት ያንቀጠቅጣል፤ ደረቅ ልብስ፣ በሶ፣ መንቀሳቀስ።

ተረከዝ ማቃጠል ሲጀምር እዚያው ቁሙና ፕላስተር ለጥፉ። «ትንሽ ልሂድና» ያለ ሰው ውሃ የቋጠረ እግር ይዞ ይወርዳል። ከመሄድ በፊት የእግር ጥፍር ማሳጠርም ይረዳል፤ ቁልቁለቱ ላይ ጥፍሩ ከጫማው ጋር ይጋጫል። ለጉልበት ሽመል ወይም ከዘራ ያዙ።

ሳማ የነካችሁን ቦታ አትሹት፤ ሲታሽ የተሰካው ጥቃቅን ፀጉር ይሰበራል። ፕላስተር ለጥፋችሁ ንቀሉት፣ ከዚያ በውሃ እጠቡ።

መንገድ ከጠፋ አትውረዱ። ሰው ሲጠፋ ጅረት ተከትሎ መውረድ ይቀናዋል፤ እዚህ ግን ጅረቱ ገደልና ፏፏቴ ላይ ያደርሳል። የቀዳችሁትን መስመር ከፍታችሁ በመጣችሁበት ተመለሱ። ካልሆነም ተቀመጡ፣ በየደቂቃው ሦስት ጊዜ ፊሽካ ንፉ።

እሳት አታንድዱ። ጽድ ዘይት ያለው ዛፍ ነው፣ ሥሩ የተከማቸው ደረቅ ቅጠል በአንድ የሲጋራ ቁራጭ ይያያዛል።

ከመውጣታችሁ በፊት

ቆሻሻችሁን ሁሉ፣ የሙዝ ልጣጭም ጭምር፣ ይዛችሁ ውጡ፤ ልጣጩ ዝንጀሮን ወደ መንገድ ያለምዳል። መኪናው ጋ ስትደርሱ ሱሪያችሁን አራግፉ፣ ከጉልበት በስተ ኋላ፣ ብብትና ወገብ ላይ መዥገር ፈልጉ። ካገኛችሁ በወረንጦ ከቆዳው ሥር ይዛችሁ ሳትጠመዝዙ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት፤ ቅቤ፣ ነዳጅና ክብሪት አይጠቅሙም፣ መዥገሩ በውስጡ ያለውን ወደ ደም እንዲተፋ ያደርጋሉ።

በመንገዳችሁ ወጥመድ፣ የተጠመጠመ ሽቦ ወይም አዲስ የተቆረጠ ጽድ ካያችሁ ራሳችሁ አትንኩት፤ ፎቶና የጂፒኤስ ቁጥሩን ይዛችሁ ለጥበቃዎቹ አሳዩ። ያያችኋቸውን እንስሳት ዓይነት፣ ብዛትና ቦታ ለአስጎብኚው ንገሩት፤ ነገ ለሚመጣው ቡድን የሚያሳየው በዚያ መረጃ ነው።